በሽክርክሪቷ ላይ የቀረው ቀይ ክር

የአባይነሽ ጣቶች የጃንጥላውን ጨርቅ ከሽቦው ጫፍ ጋር ለማገናኘት ይታገሉ ነበር። ጃንጥላው የደንበኛዋ የየትምወርቅ ነው፤ ሰፊ፣ ጥቁር፣ የእንጨት እጀታው ከመያዝ ብዛት የለሰለሰ። የትምወርቅ ባሏ ታሞባት ኦቶና ሆስፒታል እያስታመመች ነው። ስንቅ ለማምጣት በዝናብ ስትመላለስ ራሷም ልትታመም እንደደረሰች ነግራት፣ አባይነሽ «ዛሬ ከሰዓት በኋላ እኔው ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብላ ቃል ገብታላታለች። የቀረው ትንሽ ነው። ጨርቁን የለቀቀው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። መርፌውን በከንፈሯ ይዛ ጠንከር ያለ ክር ፍለጋ እጇን ወደ መሳቢያው ሰደደችና ቀዩን የናይለን ክር አወጣች።

ክሩ ከስቷል። ሰሞኑን ከገበያ ያመጣችው ጥቅል ነው፤ ገና ወፍራም መሆን ነበረበት።

«ይህን ደግሞ ማን በላው?» አለች ለራሷ፤ ወዲያው መርፌው ከከንፈሯ ወደቀ።

የበላችው ራሷ ነበረች። ትናንት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ለልጇ የሠራቻትን የንፋስ ሽክርክሪት አራት የጃንጥላ ጨርቅ ክንፎች አጥፋ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ፣ በዚሁ ቀይ ክር ሰፍታቸዋለች። የጃንጥላ ጨርቅ ያዳልጣል፤ እጥፉን ቶሎ አይለምድም። ስለዚህ አባይነሽ እጥፉ አድሮ እንዲተኛ በእጇ፣ ረዘም ረዘም አድርጋ፣ በማያዣ ክር ትይዘዋለች። ጠዋት ማያዣውን ትነቅላለች። የነቀለችውን ክር ደግሞ አትጥልም፤ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጥና ለሌላ ማያዣ ታውለዋለች። በሶዶ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ፣ በዚያ በረንዳ ላይ ቦርሳና ዚፕ፣ ሸራና ጃንጥላ ስትሰፋ የኖረችው እንዲህ ነው።

ቆርቆሮውን ከፈተች። ነጭ ክር አለ፤ ጥቁር ክር አለ፤ ቡናማም አለ። ቀይ የለም። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው፤ በጣቷ በታተነችው። ቀይ የለም።

ማያዣው አልተነቀለም። ሽክርክሪቷ ክንፏ እንደተሰፋ፣ በልጇ በሰብለ ጀርባ ላይ ሆና፣ ዳሞታን እየወጣች ነው።

ሰብለ የአባይነሽ አንድ ልጅ ናት። አባቷ ደገፉ ሹፌር ነበር፤ ሕመም ወስዶት ሁለቱን ብቻቸውን ትቷቸዋል። ልጅቱ እንደ አባቷ መንገድ ወዳጅ ሆነች፤ ልዩነቱ የእሷ መንገድ ጎማ የማይሄድበት መሆኑ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሰዎችን እየመራች ዳሞታ ተራራን ታወጣለች፤ ተማሪዎችን፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን፣ ለጸሎት የሚወጡትንም። አባይነሽ ግን ተወልዳ ካረጀችበት ከተማ በላይ ተገትሮ የሚያድረውን ተራራ አንድም ቀን ወጥታው አታውቅም። ለእሷ ዳሞታ ዝናብ መጠየቂያዋ ነበር። ጧት ቀና ብላ ታየዋለች፤ ራሱ ጠርቶ ከታየ ሸራ ትሰፋለች፤ ጉም ከሸፈነው «ጋቢውን ደርቧል» ትልና የጃንጥላ ሥራዋን ታስቀድማለች።

ዓምና ነው ነገሩ የተለወጠው። ከተማሪዎቹ አንዱ ጉም ውስጥ ከጓደኞቹ ተለይቶ ጠፋ። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ሲያገኙት ጉድባ ውስጥ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። እሱን ስትጣራ የዋለችው ሰብለ ድምፅዋ ተዘግቶ ሰንብቷል። ከዚያን ቀን ወዲህ አባይነሽ አርፋ መቀመጥ አልሆነላትም። ሁለት ስፌት ሰፍታ ትነሣለች፤ ከበረንዳው ጫፍ ቆማ ተራራውን ታያለች፤ ትመለሳለች፤ ሦስት ሰፍታ ደግሞ ትነሣለች።

«እትዬ አባይነሽ፣ ወንበሩ እሳት አለው እንዴ?» ይላታል ጎረቤቷ ቦልቴ።

ቦልቴ እዚያው በረንዳ ላይ ስልክና ሬዲዮ ይጠግናል። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሳቁ ከመናኸሪያው ጩኸት በላይ የሚሰማ ሰው ነው። ሽክርክሪቷም የእሱ ሐሳብ ናት። «ተራራ ላይ ምን ሞልቷል? ንፋስ!» አለና ከተጣለ ፕሪንተር ትንሽ ሞተር ፈታ። አባይነሽ ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ሰጠችው፤ ከጨርቁም አራት ክንፍ ቆርጣ ሰፋች። ነገርየዋ ታጥፋ እንደ ጃንጥላ ከረጢት ውስጥ ትገባለች፤ ስትዘረጋ በዱላ ጫፍ ላይ ትሽከረከራለች። ስትሽከረከር ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች፤ ቀይ መብራት ታበራለች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትጮኻለች። ጩኸቷን ቦልቴ ያመጣው ከአሮጌ አይሱዙ ነው፤ መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ «ፒፕ፣ ፒፕ» እያለ ሰው የሚያስጠነቅቀውን ዕቃ ነቅሎ ገጠመላት። ጉም ውስጥ ዓይን ባያይም ጆሮ ይሰማል ብሎ ነው።

ሊሞክሯት ያሰቡ ሰሞን ሶዶ ላይ ቅጠል የሚያነቃንቅ ንፋስ ጠፋ። ቦልቴ መጠበቅ አልቻለም። ባጃጅ ተኮናትሮ፣ አባይነሽን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ሽክርክሪቷን በጎን አውጥቶ ይዞ ቁልቁለቱን አስነዳው። ባጃጁ ወደ ፊት ይከንፋል፤ ጩኸቱ ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄድ የጭነት መኪና ነው። ሰው ሁሉ ግራ ተጋብቶ ከመንገድ ይሸሻል። አባይነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ እያፈረች ሳቀች። ከዓምና ወዲህ እንደዚያ የሳቀችበት ቀን አልነበረም።

ሰብለ ግን አልሳቀችም። የእናቷን እጅ ይዛ፣ ቦልቴን ምስክር አድርጋ፣ እንዲህ አለች፦ «እማ፣ ይህን ሥራ ተይው እያልሽኝ ነው። ይቺ ነገር ተራራው ላይ ወጥታ ካልሠራች፣ እተወዋለሁ። ከሠራች ግን፣ ሁለተኛ ተይው እንዳትይኝ።»

«እሺ» አለች አባይነሽ።

የሙከራው ቀን ዛሬ ነው። ሰብለ ገና ጎህ ሲቀድ፣ እናቷ ፊቷን ሳትታጠብ፣ ሽክርክሪቷን ከበሩ ጀርባ አንሥታ ተማሪዎቿን ልትቀበል ወጥታለች።

አሁን አባይነሽ የተበታተነውን ክር እያየች አንድ ሐሳብ መጣባት፤ ብታባርረውም አልሄደም። እውነት ረስቼው ነው? ወይስ እጄ አውቆ ተወው? ክንፏ ካልተከፈተ አትሠራም። ካልሠራች ልጄ ተራራውን ትተዋለች። እኔስ የምፈልገው ይህንኑ አልነበረም?

ብድግ አለች። ከበረንዳው ጫፍ ቆመች። ዳሞታ ጋቢውን ደርቧል። ደርቦም አልቀረ፤ ጉሙ ጫፉን ሸፍኖ ወደ ባህር ዛፎቹ እየወረደ ነው።

«ቦልቴ! ቦልቴ፣ ደውልላት!»

«ለማን?»

«ለሰብለ ነዋ! ማያዣውን አልነቀልኩትም። ክንፉ እንደተሰፋ ነው።»

ቦልቴ የያዘውን የተፈታ ስልክ አስቀመጠ። የአባይነሽ ስልክ እሱ ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ እየሆነ ነበርና በዚያው ደወለ። ጆሮው ላይ አድርጎ ጠበቀ፤ ራሱን ነቀነቀ። «ዘግቶታል። ሲወጣ ባትሪ ይቆጥባል እኮ፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።» ቦልቴ በቤቱ የሚናገረው ወላይትኛ ነው፤ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርገዋል። አባይነሽ እሱን ማረም ካቆመች ቆይታለች።

«ምላጭ ይዛ ይሆን? ቢላዋስ?»

«ጥርስ የለውም እንዴ ሰብለ? በጥርሱ ይበጥሰው።»

«ናይለን ነው እኮ አንተ! በጥርስ አይበጠስም። ጣቷ በብርድ ደንዝዞ፣ ጉሙ ከቧት፣ ልጆቹ እያለቀሱባት…»

«እትዬ፣ ሰብለ ጎበዝ ነው። ጌታ ይጠብቀዋል። ይቀመጡ።»

ተቀመጠች። የየትምወርቅን ጃንጥላ አንሥታ የቀረውን ሽቦ በዚያው በቀይ ክር አሠረችው። ጥቁር ጃንጥላ ላይ ቀይ ክር፤ በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ፈትታ ደግማ በጥቁር ትሰፋው ነበር። ተነሣች፤ አየች፤ ተመለሰች። ጉሙ ባህር ዛፎቹን ውጧቸዋል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ» አለች። «የኔው ደግሞ ሲሮጡ የሰፉት ጭራሽ የማይፈታ ሆነ።»

ቦልቴ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጃንጥላውን አንሥታ ነጠላዋን አጣፋች።

«ወዴት ነው?»

«ኦቶና። ይህን ለየትምወርቅ ላድርስላትና ልመለስ። ከመቀመጥ ይሻላል።»

«ሎኦ» አለ ቦልቴ፣ ደግ አሰቡ እንደማለት። «ይሂዱ፤ ልብዎም ያርፋል።»

መዋሸት አላሰበችም ነበር። ባጃጅ ስታስቆም እንኳ ኦቶና ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ሹፌሩ ዞሮ «ወዴት እናቴ?» ሲላት ግን ከአፏ የወጣው «ወደ ተራራው» የሚል ሆነ። መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠችውን ምላጭ በወረቀት ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ከትታዋለች። መቼ እንደከተተችው ለራሷም አልታወቃትም።

ባጃጁ ድንጋይ እስኪበዛበት ድረስ አደረሳትና ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። የሄደችበት መንገድ በእንሰት ጓሮዎች መካከል ያልፋል፤ ሰፋፊው ቅጠል ጤዛ አዝሎ ትከሻዋን ያረጥባታል። የፕላስቲክ ጫማዋ ቀዩ ጭቃ ላይ ይሸራተታል። ጃንጥላውን እንደ ምርኩዝ እየተከለች ወጣች። አንዲት ሴት የከብት ሣር ተሸክማ ስትወርድ አገኘቻት። አባይነሽ ወላይትኛ የምታውቀው ገበያ የሚያደርሳትን ያህል ነው። ሰላምታ ሰጥታ፣ በአማርኛ ደባልቃ፣ ተማሪዎች አይታ እንደሆን ጠየቀቻት።

«ጠዋት ወጥቷል፤ ብዙ ነው» አለች ሴትዮዋ። ሣሯን አስተካክላ፣ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «አንቺስ ወዴት? ጉም መጥቷል። ሰው ይወርዳል፤ አንቺ ትወጫለሽ?»

«ልጄ እላይ ናት።»

«ልጅሽ እግር አለው። ይመጣል» አለችና ሴትዮዋ ወረደች።

አባይነሽ ወጣች። የእንሰቱ ጓሮ አለቀ፤ የገብስ ማሳ መጣ፤ እሱም አለቀና አጭር ሣር ሆነ። ጉሙ ከፊቷ የመጣ አልመሰላትም፤ ከኋላዋ ተከትሏት ኖሮ ድንገት የደረሰባት ነው የመሰላት። መጀመሪያ ከታች ያለው ከተማ ጠፋ። ቀጥሎ ገብሱ ጠፋ። ከዚያ የራሷ እግር የሚረግጠው ብቻ ቀረላት።

ሰብለ ለተማሪዎቿ የምትነግራቸውን ታውቀዋለች፤ በረንዳው ላይ ስትለማመድ ስንት ጊዜ ሰምታታለች። «ጉም ከወረደባችሁ ባላችሁበት ቁጭ በሉ። የሚጠፋው የሚራመድ ነው።» አባይነሽ ይህን አስታውሳ ነጠላዋን ተከናንባ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ካፊያ ጀመረ። የየትምወርቅን ጃንጥላ ዘረጋች። ከጨርቁ ላይ ጠብታው ተራ በተራ ይወርዳል፤ እሷ የሰፋችው ሽቦ ጋ ሲደርስ ቀዩ ክር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ከዚያ ይወድቃል። እያየችው ጥቂት ቆየች።

ከዚያ ተነሣች። ልጇን እላይ አስባ እዚህ ቁጭ ማለት እንዴት ይቻላል? ጥቂት ሄዳ መንገዱ የጠፋባት መሰላትና ወደ ድንጋዩ ልትመለስ ዞረች። ድንጋዩ የለም። ወደ ቀኝ ሄደች፤ የለም። ወደ ግራ ሄደች፤ መሬቱ ቁልቁል ሆነ።

«ሰብለ!» ብላ ተጣራች። ጉሙ ድምፅዋን እንደ ጥጥ ዋጠው።

በዚያው ቅጽበት ነፋሱ መጣ። ከታች ወደ ላይ አንዴ ነፍቶ ጃንጥላውን ገለበጠው፤ ሁለት ሽቦ ቋ ቋ ብሎ ተሰበረ። ጃንጥላውን ላድን ብላ ስትጎትት ጫማዋ ከድጡ ላይ ከዳት። ተንሸራታ ሄዳ ውኃ የሰረሰረው ጉድባ ውስጥ አረፈች። ቀኝ እግሯ ከሥሯ ታጥፎ ቀረ። ልትነሣ ሞከረች፤ ቁርጭምጭሚቷ እሳት ሆነ። ደግማ ሞከረች። እመብርሃንን ጠርታ ሦስተኛ ሞከረች። አልሆነም።

መቀመጥ ግዴታ የሆነባት በዚህ ዓይነት ነው። ልቧ ግን አልተቀመጠም። እጇ የነጠላዋን ጥለት እየቆጠረ፣ ምላጩ መቀነቷ ውስጥ መኖሩን እየዳሰሰ፣ የተሰበረውን ሽቦ አንዴ እያቀና አንዴ እየተወ ይንቀሳቀስ ነበር። ልጄ ክንፉን ለመክፈት እየታገለች ነው እያለች ታስባለች። አንዴ ደግሞ፣ ልጄ ደኅና ወርዳ እኔ እዚህ ልሞት ይሆን ብላ አሰበች። ይህኛው ሐሳብ ከመጀመሪያው የሚቀልላት መሆኑ ገረማት።

ሰብለ በእርግጥ ወርዳለች። ጉሙ ገና ጫፉ ላይ ሲቆለል አይታው፣ ተማሪዎቿን መልሳ፣ በሌላው ጎን ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ በኩል አውርዳቸዋለች። ከዚያ ሁሉንም በሚኒባስ ወደ ሶዶ አስመጥታ፣ ጭቃ የለበሰ ጫማዋን ሳታወልቅ በረንዳው ላይ ደረሰች።

«እማስ?»

«ኦቶና ሄዷል፣ ጃንጥላ ሊያደርስ» አለ ቦልቴ። «አንተስ? ሠራ? ጮኸ?»

ሰብለ ልትመልስ ስትል ጠረጴዛው ላይ ያለው የአባይነሽ ስልክ ጠራ። ቦልቴ አነሣው። የትምወርቅ ናት።

«አባይነሽ! ከሰዓት ብለሽኝ የለ? ዝናቡ ሊገለኝ ነው እኮ! ጃንጥላዬ የት ደረሰ?»

ቦልቴ ስልኩን ይዞ ሰብለን አየ። ሰብለ ደግሞ ዞራ ተራራውን አየች። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነበር። ባጃጅ ፌርማታው ላይ ሲጠይቁ ሹፌሩ ወዲያው ተገኘ። «ጥቁር ጃንጥላ የያዙት እናት? ተራራው ሥር ድረስ አድርሻቸዋለሁ። ለጸሎት የሚወጡ መስሎኝ!» አለ።

አባይነሽ ይህን ሁሉ የሰማችው በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሰማችው ሌላ ነገር ነበር። ጉሙ ውስጥ፣ ከበላይዋ ይሁን ከበታችዋ ባልለየችው አቅጣጫ፣ አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ እየሄደ ነው።

ፒፕ። ፒፕ። ፒፕ።

መጀመሪያ ጆሮዬ ነው አለች። እዚህ ምን መኪና ይመጣል? ከዚያ ያ የባጃጅ ቀን ትዝ አላት። ሽክርክሪቷ! ክንፏ ተከፍቷል!

«እዚህ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «ሰብለ! እዚህ ነኝ!»

ነፋሱ ቀጥ አለ። ጩኸቱም ቀጥ አለ። ጉሙ ውስጥ የካፊያው ድምፅ ብቻ ቀረ። አባይነሽ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገፋ አድርጋ አዳመጠች። አለፉ ማለት ነው? በሌላ በኩል ሄዱ? እንደገና ልትነሣ እጇን መሬት ላይ ተከለች። ያኔ ድምፁ ተመለሰ፤ አሁን ግን ፈጠን ፈጠን እያለ፣ ከከባድ የእግር ዳና ጋር። ከግራጫው ውስጥ መጀመሪያ ቀይ መብራት፣ ቀጥሎ ሆድ ወጣ። ቦልቴ ነፋሱ ቢከዳው ሽክርክሪቷን ከራሱ በላይ ይዞ፣ እንደ ባጃጁ ቀን፣ ቁልቁለቱን ይሮጣል።

«ሠራ!» ይላል እያለከለከ። «እትዬ፣ አይሱዙው ሠራ!»

ከኋላው የመጣችው ሰብለ አልፋው ጉድባው ውስጥ ገባች። እናቷን አቀፈቻት፤ ከዚያ ገፍታ አየቻት፤ ከዚያ ተቆጣች።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ? ምን ልትሠሪ? በዚህ ጫማ?»

አባይነሽ መልስ ፍለጋ መቀነቷን ፈታችና የተጠቀለለውን ምላጭ አወጣች። «ማያዣውን ሳልነቅለው… ክንፉ አይከፈትልሽም ብዬ…»

ሰብለ ምላጩን አየችው፤ እናቷን አየች። ከዚያ ፀጉሯን ወደ ፊት ሳበችው። የጉንጉኗ ጫፍ በቀይ የናይለን ክር ታሥሯል።

«ጠዋት ባጃጅ ላይ ነው የነቀልኩት። እማ፣ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ እኮ። የአንቺን ማያዣ ሳላይ ተራራ የምወጣ ይመስልሻል? ዩኒፎርሜን ስትሰፊልኝ ስንት ጊዜ ማያዣው እላዩ ቀርቶ ትምህርት ቤት ሲሳቅብኝ ኖሯል!»

ቦልቴ ጉድባው አፍ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አባይነሽ ግን ምላጩን መልሳ በወረቀቱ ጠቀለለችው። ሰብለ ጎንበስ ብላ የእናቷን እግር በነጠላው ስታስር፣ ቀና ሳትል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

«ረስተሽው ነው?»

ይህን ጥያቄ አባይነሽ ከጠዋት ጀምሮ ስትሸሸው ነበር። የተሰበረውን ጃንጥላ እጀታ በጣቷ አሸች።

«አላውቅም ልጄ» አለች። «እጄን ብጠይቀው አልነገረኝም።»

ሰብለ ቋጠሮውን አጠበቀች። «ሠርታለች ግን» አለች። «አይተሻል። ሰምተሻል። ቃልሽን እንዳትረሺ።»

«አልረሳም።»

«ምስክር ነኝ» አለ ቦልቴ ከላይ። ኪሱ ውስጥ የአባይነሽ ስልክ ጠራ። ማን እንደሆነ አይቶ ቁልቁል ዘረጋላት። «የትምወርቅ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ።»

አባይነሽ ስልኩን ተቀብላ ጃንጥላውን አየችው። ሁለት ሽቦው ተሰብሯል፤ ጨርቁ ጭቃ ሆኗል፤ ቀይ ክሩ ብቻ እንደታሠረ አለ። ስልኩን ሳታነሣው ጥሪው ቆመ።

ደግፈው ካወረዷት በኋላ ወጌሻ መጥቶ እግሯን አሽቶ አሠረላትና «እንዳትነሺ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ እግሯን የሳሙና ካርቶን ላይ ዘርግታ ትሰፋለች። ሰዎች ሽክርክሪቷን ሰምተው ሁለተኛ እንድትሠራላቸው ጠይቀዋል፤ ቦልቴ ሌላ የተጣለ ፕሪንተር ፈልጎ አምጥቷል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰብለ ገና ሳይነጋ ስትወጣ አባይነሽ ነቅታ ነበር። አፏን ከፈተች፤ «ተይው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። «ካልሲ ደርበሻል?» አለቻት በምትኩ።

«ደርቤያለሁ» አለች ሰብለ ከበሩ ውጪ።

ቀኑን ሙሉ ክንፍ ሰፋች። ልትነሣ ወገቧን ታነሣለች፤ እግሯ ይይዛታል፤ መልሳ ትቀመጣለች። ከተቀመጠችበት ተራራውን ማየት ስለማትችል ቦልቴን ትጠይቀዋለች።

«ጋቢውን ደርቧል?»

«አልደረበም እትዬ።»

ትንሽ ትሰፋና ደግሞ፦ «አሁንስ?»

«አሁንም አልደረበም። ይስፉ ዝም ብለው!»

ከራሷ በላይ፣ ምስማሩ ላይ፣ የየትምወርቅ ጃንጥላ ተንጠልጥሏል። ጭቃው ደርቆ ተራግፏል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ግን እንደተሰበሩ ናቸው። ትርፍ ሽቦ ነበራት፤ ለአዲሷ ሽክርክሪት ቆረጠችው። ነገ ሌላ ፈልጌ እሠራዋለሁ፣ ሰው ባገኝ እልካለሁ ትላለች። ማታ ማታ የትምወርቅ ስትደውል «እየመጣ ነው» ትላታለች። ከኦቶና በኩል የመጣው ደመና በረንዳው ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ አባይነሽ ቀና ብላ ጃንጥላውን አየች፤ ከዚያ የያዘችውን ክንፍ አጥፋ ቀዩን ክር በመርፌው ቀዳዳ አሾለከች።